የልጅ ወይስ የአዋቂ? ሪዞርት ስትሄዱ በምግብ ፓኬጅ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ሪዘርቬሽን ላይ ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ቢሾፍቱ ሦስት፣ ሐዋሳ አምስት። ስልኩን ሳነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ «ክፍሉ ስንት ነው?» ነበር። ሁለተኛው «ሐይቁ ይታያል?» ምግብ ላይ ስንደርስ ግን «እሱን እዚያ ስንመጣ እናየዋለን» ይሉኝ ነበር። እዚያ ሲመጡ የሚያዩትን እኔ በተደጋጋሚ ስላየሁት ነው ዛሬ የምጽፈው።

ቃሎቹን ታውቋቸዋላችሁ ብዬ ልለፍ። ሃፍ ቦርድ ከክፍሉ ጋር በቀን ሁለት ምግብ፣ ፉል ቦርድ ሦስት። ወደ ስህተቶቹ እንሂድ።

«ልጅ ነው» ብሎ መገመት

ልጅ የሚባለው እስከ ስንት ዓመት ነው? ይህን የሚወስነው ሆቴሉ ነው። አንዱ ጋ እስከ 5 ዓመት በነፃ፣ እስከ 12 በግማሽ ዋጋ ይሆናል። ሌላው ጋ በነፃ የሚበላው እስከ 3 ዓመት ያለው ብቻ ሲሆን ግማሽ ዋጋውም 10 ላይ ያበቃል። «እስከ 12» ሲሏችሁ ደግሞ 12 የሞላውን ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በዚህች አንዲት ቃል የተነሳ እንግዳ መቀበያው ጋ ስንት ጭቅጭቅ እንደሰማሁ!

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ቤተሰቧን ይዛ ፍሎሪዳ ዲዝኒ ወርልድ ልትሄድ ስትል የደወለችልኝ ለዚሁ ነበር። እዚያ በምግብ ፕላኑ ልጅ የሚባለው ከ3 እስከ 9 ዓመት ያለው ነው። 10 ከሞላው አዋቂ ነው፣ በቃ። ትልቁ ልጇ 10 ዓመቱ ቢሆንም ሲያዩት ሰባት እንኳን የሞላው አይመስልም። ፕላኑን ከያዘች ደግሞ ክፍሉ ውስጥ ያለ 3 ዓመት የሞላው ሁሉ አብሮ መግባት አለበት። «ለልጁ ይቅርበት፣ ከኔ ይበላል» አይሠራም።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የኛ ብቻ ነው። በ2017 ክረምት አንድ አባት በኢንተርኔት ክፍል ያዙ። ልጃቸው የተወለደው በ2011 ነው፣ በኛ አቆጣጠር። ፎርሙ ላይም 2011 ብለው ሞሉ። ሲስተሙ የሚያውቀው ግን የፈረንጆቹን ነው፤ ለሱ ዓመቱ 2025 ነበር። የስድስት ዓመቱ ልጅ የ14 ዓመት ጎረምሳ ሆኖ በአዋቂ ዋጋ ተመዘገበ፣ ሒሳቡም ተከፈለ። እኔ ወረቀቱን ይዤ ጎረምሳ እጠብቃለሁ። የመጣው የፊት ጥርሶቹ የወለቁ፣ የጎማ መዋኛውን ወገቡ ላይ ያጠለቀ ልጅ ነው። ገንዘቡን ለማስመለስ ሦስት ቀን ፈጀብን። የልደት ቀን ስትሞሉ በፈረንጆቹ ሙሉ።

ግማሽ ዋጋን እንደ ርካሽ ማየት

የእራት ቡፌው ለአዋቂ 2,000 ብር ነው እንበል። ከቁጥሩ ጎን ሁለት የመደመር ምልክት ታያላችሁ። ሠራተኛው «ፕላስ ፕላስ» ይለዋል። አንደኛው 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ሁለተኛው 15 በመቶ ቫት ነው። ቫቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ሰርቪስ ቻርጁ ከተደመረ በኋላ ስለሆነ 2,000ው 2,530 ይሆናል። የልጁ 1,000 ደግሞ 1,265።

አሁን ልጃችሁን ቡፌው ፊት አቁሙትና የሚያነሳውን ቁጠሩ። እኔ ስንቱን ቆጥሬያለሁ። አንድ ዳቦ፣ አንድ እፍኝ ችፕስ፣ ሦስት ሹካ ስፓጌቲ፣ ከዚያ ጣፋጩ ጋ አራት ጊዜ መመላለስ። ዶሮ ወጡ፣ ዓሣው፣ ጥብሱ እንዳለ ነው። ያው ስፓጌቲ ከሜኑ ላይ 450 ብር ቢሆን ከነፕላስ ፕላሱ 570 አይሞላም። አንዱን ሰሃን ሁለት ትንንሽ ልጆች ይካፈሉታል፤ ባዶ ሰሃን ጨምሩልኝ ካላችሁ አስተናጋጁ ያመጣላችኋል።

ደግሞ የልጅ ፓኬጅ ማለት ሁልጊዜ ቡፌው በግማሽ ዋጋ ማለት አይደለም። አንዳንድ ቦታ ከልጆች ሜኑ ላይ ብቻ ነው የሚመረጠው። ይህን ሳይጠይቁ የሚገዙት ናቸው ለቀጣዩ ስህተት የሚዳረጉት።

ብዙ ለሚበላ ልጅ የልጅ ፓኬጅ መግዛት

ከዋና የወጣ የ11 ዓመት ልጅ ሲበላ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያየሁት አንዱ የልጆች በርገሩን በሁለት ጉርሻ ጨርሶ አስተናጋጁን ቀና ብሎ እያየ «ዋናው ምግብ መቼ ነው የሚመጣው?» አለ። አባትየው ጥብስ አዘዙለት። ከጥብሱ በኋላ ፒዛ። ሒሳቡ ሲመጣ የልጅ ፓኬጁ፣ ጥብሱና ፒዛው ተደምረው ከአዋቂው ቡፌ በለጡ። በማግስቱም እንዲሁ። ሁለቱን ቀን አይቼ «ጋሼ፣ ለምን የአዋቂ አናደርግለትም?» አልኳቸው። «ይቻላል እንዴ?» አሉኝ። በአዋቂ ዋጋ ልክፈል የሚልን ሰው የሚመልስ ሆቴል እስካሁን አላጋጠመኝም።

በሌላ በኩል አያት ይዛችሁ ስትመጡ አስቡ። እማማ በአዋቂ ዋጋ ፉል ቦርድ ይያዝላቸዋል፤ ከዚያ ምሳ ላይ ሾርባ፣ እራት ላይ ሻይ በዳቦ። ከአራት ዓመቱ ልጅ ያነሰ ነው የሚበሉት። ለሳቸው ቁርስ ብቻ ያለውን ያዙ።

ሞግዚቷን አለመቁጠር

እዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም፣ ቀድሜ ልንገራችሁ።

«ሁለት አዋቂ፣ ሦስት ልጅ» ብለው ይይዛሉ። መኪናው ሲቆም ስድስት ሰው ይወርዳል። ስድስተኛዋ ሕፃኑን አዝላ የዳይፐሩን ቦርሳ የያዘችው ናት። «እሷስ?» እላለሁ። «እሷ ከልጆቹ ጋር ትበላለች።» ከልጆቹ ጋር ማለት ከልጆቹ የተረፈውን ማለት እንደሆነ ለመረዳት የመጀመሪያው ወር በቂዬ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ማታ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል። አንዷ ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ ከወንበር ጀርባ ቆማ ለሁለት ሕፃናት ታጎርሳለች። ቤተሰቡ በልቶ፣ ሁለተኛ ዙር አንስቶ፣ ጣፋጩ ጋ ደርሶ፣ ፎቶ ተነስቷል። እሷ ፊት ሰሃን የለም። አስተናጋጁ ሊሰጣት አይችልም፤ የቡፌ ሰሃን በሰው ቁጥር ነው የሚወጣው፣ ካሸሩም ይቆጥራል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ልጆቹን አስተኝታ ወደ ኪችን በር መጣች። የጠየቀችው ውሃ ብቻ ነው። ሼፉ ከሠራተኛው ሽሮ ቀንሶ ሰጣት። ቁጭ በይ ብንላትም «ልጁ ከነቃ ይፈልገኛል» ብላ በቁሟ በላች።

ለዚያ ቤተሰብ የያዝኩት ሐይቁን የሚያየውን ትልቁን ክፍል ነበር። ዋጋውን እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ አውቀዋለሁ።

«የልጅ ፓኬጅ አድርጊላት» ያሉኝም አሉ። አዋቂ ሴት ናት! መታወቂያ አላት! «ብዙ አትበላም» ይሉኛል። ማን ጠይቋት ያውቃል? የምትበላበት ሰዓት ሰጥታችኋት ታውቃላችሁ?

ስትደውሉ ሦስት አዋቂ በሉ። ቡፌው ከከበዳችሁ ከሜኑ ላይ የምትፈልገውን ራሷ መርጣ ታዝዝ። ስትበላም ልጆቹን እናንተ ያዙ። በጀቱ ካልበቃ ከምታድሩባቸው ሌሊቶች አንዱን ቀንሱ፣ ወይም ሐይቁን የማያየውን ክፍል ያዙ። ግቢው ውስጥ ወጣ ስትሉ ሐይቁ እዚያው ነው።

ሰዓቱን አለማሰብ

የእራት ቡፌ ብዙ ቦታ የሚከፈተው ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የዋለ የአራት ዓመት ልጅ ደግሞ 12 ተኩል ላይ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተኝቷል። የከፈላችሁለትን እራት ማን ይበላዋል? «ቋጥሩልን» የሚሉ ብዙ ናቸው። ቡፌ አይቋጠርም። በዚህ የምትቆጡት አስተናጋጁን ነው፤ ሕጉን ግን ያወጣው እሱ አይደለም።

ትንሽ ልጅ ካላችሁ ሃፍ ቦርዱ ቁርስና እራት መሆኑ ቀርቶ ቁርስና ምሳ ይሁንልን ብላችሁ ጠይቁ። ቀድሞ ከተነገረ አብዛኛውን ጊዜ እሺ ይባላል። ማታ ለልጁ እንቁላል ፍርፍር ይበቃዋል።

ጾምን መርሳት

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤተሰብ የሚጓዘው በክረምት ነው። ነሐሴ ሲገባ ደግሞ ከ1 እስከ 15 ፍልሰታ ነው፤ ፍልሰታን ልጆችም ይጾሙታል። እናንተ ደግሞ ቁርስ ያለበትን ክፍል ይዛችኋል። እስከ ስድስት ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የማይበላ ቤተሰብ ኦምሌትና ፓንኬክ ምን ያደርግለታል? ሐዋሳ ሳለሁ ነሐሴ በገባ ቁጥር ሲቀዘቅዝ የምናየው ቁርስ ያሳዝን ነበር።

ሦስት ነገር ጠይቁ። የጾም ቡፌ አለ? ዋጋው ከፍስኩ ይለያል? ቁርሱን በምሳ መለወጥ ይቻላል? ረቡዕና ዓርብ ለምትጾሙትም ያው ነው። በረመዳን ይመጡ የነበሩ እንግዶቻችን ከኛ ይልቅ ይህን ያውቁበታል፤ እራቱ ለኢፍጣር፣ ቁርሱ ለሱሁር እንዲሆንላቸው ገና ሲይዙ ይነግሩን ነበር።

ወላጅ የሚጾም፣ ትንንሾቹ የማይጾሙ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ፓኬጅ የሚያዘው ለልጁ ነው። እናንተ ከሜኑ በየዓይነቱ አዛችሁ ለሁለት ትበሉታላችሁ፤ ለሁለት አዋቂ ቡፌ ከምትከፍሉት በብዙ ያንሳል። ሒሳቡን ሠርቼ ስነግራቸው አለቃዬ አይወዱትም ነበር።

መጠጡ ውስጡ አለ ብሎ ማሰብ

ፉል ቦርድ ምግብ ነው። ውሃና ለስላሳ ብዙ ቦታ ለብቻ ይከፈላል። ልጆች ደግሞ መዋኛው ዳር «በክፍላችን ጻፈው» ማለትን በአንድ ቀን ይማራሉ። በሁለት ሌሊት 23 ጠርሙስ ሚሪንዳ ያስመዘገቡ ሁለት ወንድማማቾች አሉ። ሁሉም ላይ ፊርማ አለ፤ የልጅ ፊርማ፣ አንዱ ፀሐይ ሥሎበታል። ስትገቡ «ልጆቹ አይፈርሙም» ብላችሁ አስመዝግቡ።

ዕድሜ መቀነስ

አታድርጉት። ልጁ ራሱ ያርማችኋል፤ ጮክ ብሎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

በስልክ የሰሙትን ማመን

ስልኩን ያነሳው አንድ ሰው ነው፤ ስትመጡ ግን ተራው የሌላ ሰው ነው። የልጆቹን ዕድሜ፣ ስንት በልጅ ስንት በአዋቂ እንደተያዘ፣ ፕላስ ፕላሱ ተደምሮ እንደሆነ በቴሌግራም ይጻፍልን በሉ። ስትደርሱ ያንን ታሳያላችሁ።

ለሁሉም፣ ሁሉንም ቀን፣ ሁሉንም ምግብ

ይህን የሠራሁት እኔው ነኝ። ሥራውን ከተውኩ በኋላ ባሌንና ሁለቱን ልጆች ይዤ ሐዋሳ ሄድኩ፤ በእንግድነት ለመጀመሪያ ጊዜ። ኩራትም ነበረበት መሰለኝ፣ ለአራታችንም የሦስት ቀን ፉል ቦርድ ያዝኩ። ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ልጅ። የቀድሞ ባልደረቦቼ ዋጋ ቀነሱልኝ፤ ስለቀነሱልኝ ያተረፍኩ መሰለኝ።

በመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወረድን፣ ለማየት ብቻ። ልጆቹ ትልልቆቹን ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹን፣ አዩ፤ ከዓሣ አጥማጆቹ እጅ የዓሣ ትርፍራፊ እየተቀበሉ ሲጣሉ። ከዚያ እዚያው የተጠበሰ ቆሮሶ ቀመሱ፣ በአዋዜ፣ በጋዜጣ ላይ። ትልቋ ልጄ ቤት ውስጥ ዓሣ ሲሸታት አፍንጫዋን የምትይዝ ናት። ሁለት ሙሉ ዓሣ በላች። እሾሁን በጣቷ እየለቀመች ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች።

በሁለተኛው ቀን «ምሳ እንብላ» ስል ሁለቱም አሞራ ገደል ብለው ድርቅ አሉ። በሦስተኛውም። የሆቴሉን ምሳ አንድ ቀን እንኳን አልበላንም። አራት ሰው፣ ሦስት ምሳ፣ ከነፕላስ ፕላሱ። ባሌ ሒሳቡን በስልኩ ካልኩሌተር እየደመረ ያሳየኝ ነበር። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችውን ልጅ ሥራ ያስለመድኳት እኔ ስለሆንኩ ይመለስልኝ ማለት አፈርኩ። «እትዬ፣ ምሳው አልተስማማችሁም እንዴ?» ስትለኝ ልጄ ቀድማ መለሰች፤ «እኛ የያዝነው ቁርስና ዓሣ ነው።»