አዲስ አበባ ሀዋሳ በፕሌን ወይስ በመኪና? ሰዓቱን እንዲህ አስሉት

ከአዲስ አበባ ሀዋሳ ቀጥታ በአየር ወደ 220 ኪሎ ሜትር ነው፣ በመኪና ግን ወደ 275 አካባቢ ይሆናል ምክንያቱም መንገዱ መጀመሪያ ወደ ምስራቅ ሞጆ ድረስ ሄዶ ነው ወደ ደቡብ የሚታጠፈው። ፕሌኑ አየር ላይ የሚቆየው 45 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ግን እሱን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ!! ከቤት ቦሌ 1 ሰዓት፣ ፍተሻና ቼክ ኢን 2 ሰዓት ቀድሞ መድረስ፣ ሀዋሳ ወርዳችሁ ሻንጣና ታክሲ ሌላ 45 ደቂቃ፣ ሲደመር 4 ሰዓት ተኩል።

በመኪና ደግሞ 275ን ለ80 አካፍላችሁ 3 ሰዓት ተኩል ብትሉ አይሰራም። ፈጣን መንገዱ ላይ በደንብ ይኬዳል፣ ከባቱ በኋላ ግን ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ከብቱ፣ አርሲ ነገሌና ሻሸመኔ መሃል ከተማ ሲገባ ደግሞ ጭራሽ ይቆማል፣ ስለዚህ ለ55 አካፍሉት፣ 5 ሰዓት ይመጣላችኋል፣ ምሳ ከበላችሁ 6። ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም ማለት ነው።

እኔ ቤተሰብ ይዞ ለሚሄድ መኪና ነው የምመክረው፣ ዝዋይንም ላንጋኖንም እያያችሁ ነው የምትሄዱት፣ ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከቃሊቲ ውጡ። በዛው ቀን ስብሰባ ገብቶ የሚመለስ ሰው ግን ፕሌን ይያዝ፣ ደርሶ መልስ 10 ሰዓት መንዳት በጣም ያደክማል፣ ማታ መንዳቱም አደጋ አለው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደግሞ ከመነሳታችሁ በፊት የዛን ቀን ከመጣ ሹፌር ጠይቁ።