«ዉዉዉ» የሚለው ጎማው አይደለም፦ የፊት ኩሽኔታ ሲያልቅ እንዴት ይታወቃል፣ እንዴትስ ይቀየራል?

መኪናዬ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ስትሄድ «ዉዉዉ» ማለት ጀመረች። ጎማ አልቆ ነው ብዬ ሁለት አዲስ ጎማ ገዛሁ። አስገጥሜ ቀለበት መንገድ ላይ ወጣሁ። «ዉዉዉ»። ያው ድምፅ፣ ባዶ ኪስ ሲቀር። ጥፋቱ የግራ ፊት ኩሽኔታ ነበር፤ ጎማው ቀለል ብሎ እንዲዞር የሚያደርገው፣ በሁለት ቀለበት መካከል ሮለሮች ወይም ኳሶች ያሉት ብረት። የኩሽኔታው ዋጋ ከአንዱ ጎማ ዋጋ ጋር ሲተያይ ያስቃል፤ ያን ቀን ግን አልሳቅኩም።

መኪናዋ ዲኤክስ ናት። ከዚህ በታች ያለው የመፍታትና የመግጠም ሥራ በዋናነት ለእንደሷ ዓይነቶቹ ነው፤ በኋላ ጎማ ለሚነዱ የድሮ ኮሮላዎች፣ ለድሮ ሚኒባሶች፣ ጋቢናቸው ዝቅ ላለ ፒክአፖች። በእነዚህ የፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት፣ አብሮት የሚዞረው አካል) ውስጥ ሁለት ሾጣጣ ኩሽኔታ አለ። ትልቁ ወደ ውስጥ፣ ትንሹ ወደ ውጭ ይቀመጣል። ሁለቱንም የሚያስተካክል አንድ ዳዶ አላቸው። ያ ዳዶ ምን እንዳደረገኝ ቆይቼ እነግራችኋለሁ። ምርመራው ግን ለሁሉም መኪና አንድ ነው።

ድምፁን መለየት

በመጀመሪያ ሞተሩን ከጥርጣሬ አውጡት። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ማርሹን ዜሮ አድርጋችሁ መኪናው በራሱ ይንሸራተት። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ካልወረደ፣ ድምፁ የሚመጣው ከሚዞሩት ነገሮች ነው።

ቀጥሎ ጎማውን። የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል። አዲስ አስፋልት ላይ ይለሰልሳል፣ ሻካራ አስፋልት ላይ ይጮኻል። ኩሽኔታ ግን ስለ አስፋልቱ ግድ የለውም፤ ግድ ያለው ስለ ፍጥነቱና ስለ ክብደቱ ነው። ይህንን አውቄ ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ጎማዎች ዛሬም ሱቅ ውስጥ ነበሩ።

የክብደቱ ነገር የትኛው ጎማ እንደሆነ ይነግራችኋል። ሰው በሌለበት ሰፊ መንገድ ላይ በ50 አካባቢ እየሄዳችሁ መሪውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አጠፍ አጠፍ አድርጉት። ወደ ቀኝ ስትታጠፉ ክብደቱ ግራ ጎማ ላይ ይወድቃል። ያኔ ድምፁ ከጨመረ ጥፋተኛው ግራው ነው። በተቃራኒውም እንደዚያው። አንዳንድ ጊዜ ግን ያታልላል፤ ስለዚህ በጆሮ ብቻ ተማምናችሁ ዕቃ እንዳትገዙ።

ክሪክ ላይ

ሜዳ ቦታ አቁሙ። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ፣ የጎማውን ዳዶዎች ገና መሬት ላይ እያለ ላላ አድርጉ፣ ከዚያ በክሪክ አንሱ። ከመኪናው ሥር የብረት ካቫሌቶ (መደገፊያ) አስቀምጡ። ብሎኬት አይሁን! ውስጡ ባዶ ነው፤ ከአንድ ጎን ክብደት ሲያርፍበት እንደ ብስኩት ይፈረካከሳል። ሰፈራችን ውስጥ ብሎኬት ላይ የቆሙ መኪኖች ስለሞሉ ደህና ነገር ሊመስላችሁ ይችላል። አይደለም።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ገፋ ሳብ አድርጉት። «ቋ ቋ» ካለ አንድ ነገር ላልቷል። ግን ኩሽኔታው ነው ወይስ ቦል ጆይንቱ (ጎማውን የተሸከመው አካል የሚታጠፍበት ኳስ መጋጠሚያ)? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መካኒክም ጭምር። መፍትሔው ቀላል ነው። ታናሽ ወንድሜን መኪና ውስጥ አስገብቼ ፍሬን እንዲረግጥ አደርገዋለሁ፤ እኔ ጎማውን መነቅነቅ እቀጥላለሁ። ፍሬኑ ሲያዝ ንቅናቄው ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ምክንያቱም ፍሬኑ ሞዞውንና ሞዞው የሚዞርበትን ዘንግ አንድ ላይ ጨምድዶ ያዛቸው ማለት ነው። ፍሬን ተይዞም ከተነቃነቀ ቦል ጆይንቱን ተመልከቱ። ግራና ቀኝ ይዛችሁ ስትነቀንቁ ብቻ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንጎች ናቸው።

ሌላው፣ በአንድ እጅ ጎማውን አዙሩ፣ ሌላውን እጅ ሞላው ላይ አሳርፉ። የደከመ ኩሽኔታ አሸዋ እንደሚፈጭ ዓይነት ስሜት በሞላው በኩል ወደ መዳፍ ይልካል። ጆሮ ያልሰማውን እጅ ይሰማዋል።

ቪትዝ ወይም ሌላ በፊት ጎማ የሚነዳ መኪና ያላችሁ ሰዎች እዚህ ላይ እንለያይ። የእናንተ የፊት ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ በፕሬስ (መጭመቂያ ማሽን) ተጨምቆ የሚገባ አንድ ወጥ ዕቃ ነው፤ የሚስተካከል ነገር የለውም። ጋራዡ ፕሬስ እንዳለው አረጋግጡ። በመዶሻ እየደበደበ የሚያስገባ ካያችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ውጡ። የውጪው ቀለበት ሲገባ ግፊቱ ውጪው ላይ ብቻ ማረፍ አለበት። በውስጡ ቀለበት በኩል ከተገፋ ኳሶቹ መሄጃቸውን ይሰረጉዱታል፤ አዲሱ ኩሽኔታ በወሩ መጮህ ይጀምራል። መኪናው ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚከላከል ሥርዓት) ካለው ደግሞ ብዙ ጊዜ አንዱ የኩሽኔታው ፊት ማግኔት አለው። ያ ፊት ሴንሰሩ ባለበት በኩል መሆን አለበት። ከተገለበጠ መብራቱ ዳሽቦርድ ላይ ይበራና ሁሉም እንደገና ይፈታል።

ዕቃ መግዛት

አሮጌውን ሳትፈቱ አትግዙ። ቁጥሩ ኩሽኔታው ላይ ተጽፏል፤ ይዛችሁት ሂዱ። ኩሽኔታውና ውጪኛው ቀለበት አብረው የሚኖሩ ናቸው። «ቀለበቱ ደህና ነው፣ ውስጡን ብቻ ቀይር» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ አመስግናችሁ እለፉ። አዲስ ሮለር የተቦጫጨረ ቀለበት ላይ ሲሽከረከር ብዙም አይቆይም። ኮዮ፣ ኤንኤስኬ፣ ኤንቲኤን የሚሉ የጃፓን ስሞች ታገኛላችሁ። ስማቸውን አስመስሎ የተሠራም ሞልቷል። እኔ ካርቶኑን ትቼ ብረቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ነው የማየው፤ ጥርት ብሎ ካልተቀረጸ አልወስድም። ያገለገለ ኩሽኔታ አትግዙ። በር፣ መብራት፣ መስታወት ያገለገለ ይገዛል፤ ኩሽኔታ ግን አይገዛም።

አዲስ ፓራሊዮ (ግራሶው እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) እና አዲስ ኮፒሊያም (ዳዶው እንዳይፈታ የሚሰካው ሽቦ) ጨምሩ። ግራሶ ደግሞ በጣሳው ላይ ለጎማ ኩሽኔታ እንደሚሆን የተጻፈበት፣ ሙቀት የሚችል ይሁን። በላስቲክ ተቋጥሮ የሚሸጠው ስም የለሽ ግራሶ ለበር ማጠፊያ ይሁን፤ የዲስክ ፍሬን ሙቀት ሲያገኘው ቀልጦ ይወርዳል።

መፍታት

ጎማውን አውልቁ። የፍሬን ካሊፐሩን (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን) ሁለት ብሎኖች ፈትታችሁ በሽቦ ሞላው ላይ አንጠልጥሉት፤ በቱቦው ተንጠልጥሎ እንዳይቀር። የሞዞውን ክዳን በካቻቪቴና በትንሽ መዶሻ ዙሪያውን እየነካካችሁ አውጡ። ከዚያ በተራ ኮፒሊያ፣ የዳዶው ቆብ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ (ከዳዶው ሥር ያለው ዝርግ ቀለበት) ይወጣሉ። ሞዞውን ስትስቡ ትንሹ ኩሽኔታ ወደፊት ይወድቃል፤ መዳፋችሁን አዘጋጁ። አፈር ላይ ከወደቀ ለመጣል የታሰበም ቢሆን እጠቡት፤ ምን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። የኔ ላይ ግራሶው ቡና በወተት መስሎ ነበር። ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ያለፈውን ክረምት ጎርፍ ውስጥ የነዳሁበትን ሰፈር አስታወስኩ።

ፓራሊዮውን ፈንቅላችሁ ትልቁን ኩሽኔታ አውጡ። ውጪኛዎቹ ቀለበቶች ሞዞው ውስጥ ተጨምቀው ይቀራሉ። ከጀርባቸው በኩል ለስላሳ ብረት፣ ነሐስ ቢሆን ይመረጣል፣ አስጠግታችሁ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ በኩል እየመታችሁ አውጧቸው። በአንድ በኩል ብቻ ከመታችሁ ያጋድልና ይጣበቃል።

ሞዞውን በነጭ ጋዝ እጠቡ። በቤንዚን አይሁን፤ አጠገባችሁ ሲጋራ የሚያጨስ ጎረቤት አይጠፋም።

አዲሶቹን ቀለበቶች ማስገባት

ቀለበቶቹን በላስቲክ ጠቅልዬ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሬያቸዋለሁ። ብረት ሲቀዘቅዝ በትንሹ ይጠባል፤ ለመግባት ይቀለዋል። እማዬ ጠዋት ሥጋ ልታወጣ ሄዳ ጮኸች። አስቀድማችሁ ተናገሩ።

አሮጌውን ቀለበት በአዲሱ ላይ ደርባችሁ እሱን ምቱት፤ አዲሱ በቀጥታ መዶሻ አይቅመስ። ድምፁን አዳምጡ። እየገባ እያለ «ቀጭ ቀጭ» ይላል፤ መጨረሻው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ይወፍራል፣ መዶሻውም ወደ እጅ ይነጥራል። ያኔ በቃ።

ከዚያ ግራሶ። ግራሶ መቀባትና መሙላት ይለያያሉ። መዳፋችሁ ላይ አንድ እፍኝ ግራሶ አድርጉ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን በመዳፋችሁ ጠርዝ ላይ እየተጫናችሁ ግራሶውን ወደ ውስጥ ግፉ፤ በሮለሮቹ መካከል አልፎ በሌላው ጎን እንደ ትል ብቅ እስኪል። አሽከርክራችሁ ዙሪያውን ድገሙ። እጅ ይበላሻል፣ ልብስ ይበላሻል፤ አቋራጭ የለውም። ቀለበቶቹንም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ በሁለቱ መካከል ሞዞው ግድግዳ ላይ ትንሽ አድርጉ። ሞዞውን ጠቅጥቃችሁ አትሙሉት፤ ትርፉ ይሞቅና ፓራሊዮውን አልፎ ፍሬን ላይ ይሄዳል።

ትልቁን ኩሽኔታ አስገቡ፣ ፓራሊዮውን እኩል አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ሞዞውን ዘንጉ ላይ መልሱ፣ ትንሹን ኩሽኔታ፣ ሮንዴላውን፣ ዳዶውን።

ዳዶው

መጀመሪያ የሠራሁ ጊዜ የማውቀው አንድ ሕግ ነበር፦ የጠበቀ ዳዶ አይፈታም። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰካሁና ባለ በሌለ ጉልበቴ አጠበቅኩት። ሞዞው ሲዞር ከበድ አለኝ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይላመዳል» አልኩ ለራሴ። በማግስቱ ወደ ደብረ ብርሃን ጉዞ ነበረኝ።

ሸኖ ሳልደርስ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። ፍሬን መሰለኝ። ስወርድ ግራሶው ቀልጦ በቸርኬው ላይ እየፈሰሰ ነው። ከላስቲክ ጠርሙሴ ውኃ ጠብ ባደርግበት «ጭሽሽ» አለ። ሲፈታ ትንሹ ኩሽኔታ ሰማያዊ ሆኗል። የውስጡ ቀለበት ዘንጉ ላይ ነክሶ እየዞረ ዘንጉን ቦጭቆታል። ዘንጉ ከነመያዣው ተቀየረ፤ ከሶማሌ ተራ የተገዛ፣ ያገለገለ። ለመኪና መጎተቻ የከፈልኩትን አልጽፍም።

ምክንያቱ ይኸው ነው። ኩሽኔታው ሾጣጣ ስለሆነ ዳዶው በጠበቀ ቁጥር ሮለሮቹ ወደ ቀለበቱ እየጠለቁ ይሄዳሉ። በመካከላቸው ያለችው ቀጭን የግራሶ ሽፋን መኖሪያ ታጣለች። ብረቱ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይበልጥ ይጠብቃል። አንዴ ከጀመረ በራሱ አይቆምም።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ሞዞውን በአንድ እጅ እያዞርኩ ዳዶውን በአጭር ቁልፍ መጠነኛ አድርጌ አጠብቃለሁ፤ የሚለካ ቁልፍ ላለው 30 ኒውተን ሜትር አካባቢ። ይህ ለመንጃ አይደለም፣ ሮለሮቹ ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ ነው። ሞዞውን ወዲህና ወዲያ ጥቂት ዙር አዞራለሁ። ከዚያ ዳዶውን ጣት እስኪያዞረው ድረስ አላላለሁ። አዎ፣ አላላለሁ። ቡሶላውን (ዳዶው ላይ የሚገባውን የቁልፍ ራስ) ያለ እጀታው ይዤ በጣቶቼ ብቻ እስኪቆም አጠብቃለሁ። ጉልበት የለም።

የዳዶው ቆብ ቀዳዳ ከዘንጉ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ቆቡን አውጥታችሁ በሌላ አቅጣጫ ሞክሩት። አሁንም እምቢ ካለ ዳዶውን በጥቂቱ አላሉት እንጂ አታጥብቁት። አዲስ ኮፒሊያ አስገብታችሁ እግሮቹን እጠፉ። አሮጌውን አጥፎ መልሶ መጠቀም ጥቂት ብር ለማትረፍ ጎማ ማጣት ነው።

ካሊፐሩን ከመመለሳችሁ በፊት ሞዞውን አዙሩና ነቅንቁ። በፍሬኑ ሸራ መጎተት ሳትታለሉ እውነቱን የምታውቁት አሁን ነው። ያለ ድምፅ፣ ቀለል ብሎ መዞር አለበት። ሲነቀነቅ «ቋ» አይበል፤ በጣት የምትሰማ ቅንጣት ክፍተት ግን አታስጨንቃችሁ። የሚከብድ ከሆነ ኮፒሊያውን አውጥታችሁ ከመጀመሪያው ጀምሩ። እኔ ሦስቴ የደጋገምኩበት ቀን አለ።

የቀረው ሲፈታ በነበረው ተገልብጦ ነው። የጎማውን ዳዶዎች በመስቀለኛ አጥብቁ። ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት የፍሬን ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ርገጡ።

ከዚያ በኋላ

10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ፍሬን እየቆጠባችሁ ንዱ። ቁሙና የሁለቱን ሞዞዎች መሐል በእጃችሁ ጀርባ ጠጋ ብላችሁ አወዳድሩ። ፍሬንም ስለሚያሞቅ አንዱን ብቻ መንካት ብዙ አይነግርም፤ አንዱ ከሌላው በጣም ከበለጠ ግን ዳዶው ጠብቋል። ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና በክሪክ አንስታችሁ ነቅንቁ፤ አዲስ ቀለበት ትንሽ ሊቀመጥ ይችላል።

ዲኤክሷ አሁን 80 ላይ ዝም ብላለች። ዝም ስላለች የኋላው ግራ በር እንደሚንኳኳ ሰማሁ። ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲንኳኳ ኖሯል።