ላፕቶፕ አሁን ልግዛ ወይስ ልጠብቅ? ለሚል አዲስ መጪ

"ከአገር ቤት ገና መምጣቴ ነው፤ ላፕቶፕ አሁን ልግዛ ወይስ አዲሱ እስኪወጣ ልጠብቅ?" ይሄን ጥያቄ መመለስ ስለሰለቸኝ አንዴ በደንብ ጽፌ ልገላገል። የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የሚፈልገው የሞዴል ስም ነው። እኔ ግን ሞዴል ከመጥራቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ኮምፒውተሩ የግድ የሚያስፈልጋችሁ ቀን መቼ ነው? ትምህርት የሚጀመርበት፣ በኦንላይን የምትፈተኑበት፣ የሥራ ማመልከቻ የሚዘጋበት ቀን አላችሁ? ካላችሁ ከዚያ ቀን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ግዙ። ከሌላችሁ ገንዘቡን ያዙት። አዲስ ሞዴል ወጣ አልወጣ እዚህ ውሳኔ ውስጥ አይገባም።

መጠበቅ ሲባል ሁለት ነገር ይደባለቃል። አንዱ የምትሠሩበትን ነገር እስክታውቁ መጠበቅ ነው። ይሄ ያዋጣል፤ ብዙ ሰው የሚዘለው ግን እሱን ነው። ሌላው ገበያውን መጠበቅ ነው። አዲስ ፕሮሰሰር በየዓመቱ ይወጣል፣ በወጣ ማግስት ደግሞ ስለሚቀጥለው መወራት ይጀምራል፤ እሱን የሚጠብቅ ሰው መቼም አይገዛም። ዎርድ የሚጽፍ፣ ዙም የሚገባና ኤክሴል የሚከፍት ሰው በአምናውና በዘንድሮው መካከል ያለውን ልዩነት ካልነገሩት በራሱ አያየውም።

ሊቀጥራችሁ የተቃረበ ድርጅት ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የቢሮ ሥራ የሚያሠሩ ብዙ ድርጅቶች ላፕቶፕ ራሳቸው ይሰጣሉ፣ እንዲያውም በግል ኮምፒውተር መሥራትን የሚከለክሉ አሉ። ትምህርት የምትገቡ ከሆነ የሚያስፈልገውን ሶፍትዌር ስም በጽሑፍ ተቀበሉ። ዳታ አናሊሲስ ልማር ብላ በመጀመሪያ ደመወዟ ማክቡክ የገዛች ልጅ አውቃለሁ። ኮርሱ የሚሰጠው ፓወር ቢአይ በሚባል የዳታ መተንተኛ ፕሮግራም ነበር፤ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕ ደግሞ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። ኢንጂነሪንግ ለምትማሩ ሶሊድወርክስና ሬቪት የሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞችም የዊንዶውስ ናቸው። የአይፎን አፕ መሥራት የምትፈልጉ ደግሞ ኤክስኮድ የሚባል ፕሮግራም ያስፈልጋችኋል፤ እሱ ደግሞ ማክ ላይ ብቻ ነው የሚሠራው። ክሮምቡክ (በዊንዶውስ ፋንታ የጉግል ሲስተም ያለው ላፕቶፕ) ርካሽ ነው፣ ለኢሜይልና ለንባብ ይበቃል፣ ከ2021 ወዲህ የወጡት ለ10 ዓመት አፕዴት ያገኛሉ። ግን የዊንዶውስ ፕሮግራም አይጫንበትም፤ ክሮምቡክ የማይቀበሉ የፈተና መቆጣጠሪያ ሶፍትዌሮችም አሉ።

ይሄን መረጃ ማግኘት ራሱ ሥራ መሆኑ ያናድዳል። የመግቢያ ክፍሉ ወደ ዲፓርትመንቱ ይልካችኋል፣ ዲፓርትመንቱ ወደ አይቲ፣ አይቲ ደግሞ "ስምህ ገና ሲስተም ውስጥ አልገባም" ብሎ ወደ መጀመሪያው ይመልሳችኋል። አንድ መስመር ለማይሞላ መልስ ሦስት ቢሮ ማመላለስ ምን ይባላል? ቢሆንም ተሰላችታችሁ ደስ ያላችሁን ገዝታችሁ አትምጡ። አምና ያንኑ ኮርስ የወሰደ ሰው ፈልጉ፤ በአምስት ደቂቃ ይነግራችኋል።

እስከዚያ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አለ። ካርድ አውጡ፤ ኮምፒውተርም ኢንተርኔትም ፕሪንተርም ታገኛላችሁ። ብቻ ባንካችሁን እዚያ አትክፈቱ፣ ስትጨርሱም ከኢሜይላችሁ ውጡ። "ዳውንሎድስ" የሚለውን ፎልደር ሳታዩ አትነሱ። የሰው ፓስፖርት፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ የጣት አሻራ ቀጠሮ ወረቀት ሁሉ እዚያ ተትቶ አይቻለሁ።

በተቃራኒው ቀኑ ደርሶበት "ስልኬ ይበቃኛል" የሚለውም ይጎዳል። በስልክ የተጻፈ ሲቪ ቀጣሪው ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት መስመሩ ተዘበራርቆ፣ ቀኑ ከቦታው ሸሽቶ ነው የሚታየው። ረጃጅሞቹ የመንግሥት ፎርሞች ደግሞ መሃል ላይ አስወጥተው ከአንድ ያስጀምራሉ። ማመልከቻ በብዛት የምታስገቡ ከሆነ ቀናችሁ ደርሷል ማለት ነው፤ ግዙ።

ከአገር ቤት ይዛችሁት የመጣችሁት ላፕቶፕ ካለስ? "ኮር አይ7 ነው እኮ" ይሉኛል። አይ7 የሚለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ስም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እዩ። አይ7-4600ዩ ከሆነ 4ኛ ጀነሬሽን (ትውልድ) ነው፣ አይ5-8250ዩ ከሆነ 8ኛ ነው፤ ሁለተኛው አይ5 ቢሆንም ይበልጣል። ቁጥሩ አሁን የሚያስፈልገው ለሌላም ምክንያት ነው። ዊንዶውስ 10 ነፃ የደኅንነት አፕዴት ማግኘቱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች ያራዘመው የተጨማሪ አፕዴት ፕሮግራም እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል ከጥቂቶች በቀር 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕም ይጠይቃል። "ኮምፒውተርህ አይችልም" ካላችሁ ወዲያው አትጣሉት፤ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ቲፒኤሙን ማብራት ብቻ የሚበቃቸው ብዙ ናቸው።

እንግዲህ 8ኛ ጀነሬሽንና ከዚያ ወዲህ ከሆነ፣ ችግሩም መንቀራፈፍ ብቻ ከሆነ፣ አዲስ መግዛት ትታችሁ አፕግሬድ አድርጉት። ታስክ ማናጀር ክፈቱና ፐርፎርማንስ የሚለውን ተጫኑ። "ዲስክ" ምንም ሳትሠሩ 100 ፐርሰንት የሚነካ ከሆነና ዓይነቱ ኤችዲዲ (የድሮው የሚሽከረከር ዲስክ) ከሆነ፣ ወደ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከረው ፈጣኑ) ቀይሩት፤ ሌላ ኮምፒውተር የገዛችሁ ይመስላችኋል። "ሜሞሪ" ሁሌ ሞልቶ የሚያድር ከሆነ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ሜሞሪ) ጨምሩ፣ ግን ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ እንዳይሆን መጀመሪያ አጣሩ። የተበየደ ከሆነ አይጨመርም። ከ8ኛ በታች ለሆነው ገንዘብ አታፍስሱበት። ማጣሪያውን አልፈው ዊንዶውስ 11 በግድ የሚጭኑላችሁ ልጆች አሉ፤ ማይክሮሶፍት የማይደግፈውን ኮምፒውተር ይዞ ባንክና የኢሚግሬሽን አካውንት መክፈት እኔ አልመክርም።

"ብጠብቅ ይረክሳል" የሚለው ድሮ ብዙ ጊዜ እውነት ነበር። አሁን ግን እንደዚያ ብሎ መተማመን አይቻልም። የሜሞሪ ቺፕ በዋናነት የሚያመርቱት ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስና ማይክሮን ናቸው፤ ለኤአይ የሚገነቡት ዳታ ሴንተሮች ምርቱን እየሰበሰቡት በ2025 መጨረሻ የራም ዋጋ ተሰቀለ። ማይክሮን በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚል ስም ለተራው ገዢ የሚሸጠውን ንግድ እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ "አሁን 8 ጊጋ ልግዛና በኋላ እጨምራለሁ" የሚለውን ሐሳብ ተዉት። 16 ጊጋ ያለውን አንዴ ግዙ። ለዋጋ ብሎ መጠበቅ የሚገባው ቅናሹ በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ከሆነ ብቻ ነው፦ ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ያለው ሰሞንና የኖቬምበሩ ብላክ ፍራይዴይ። የተማሪ ቅናሽ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ የሚሰጡ አሉ፣ ሳትጠይቁ ግን ማንም አይነግራችሁም። አዲስ ሞዴል ሲወጣም የሚጠቅማችሁ አዲሱ ሳይሆን ዋጋው የሚወርደው የአምናው ነው።

ረከሰ ብላችሁ ግን ሁለት ነገር እንዳትነኩ። አንደኛው 4 ጊጋ ራምና 64 ጊጋ ማስቀመጫ ያለው አዲስ ላፕቶፕ ነው። ዊንዶውስ 11 በወረቀት ደረጃ ይቀበለዋል፤ ጥቂት አፕዴት ሲመጣ ግን ቦታ ያልቃል። ሁለተኛው የኢንቴል ማክቡክ ነው። አፕል ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ወደ ራሱ ኤም1 ቺፕ ተሻግሯል፣ ኢንቴሎቹን የሚቀበለው የመጨረሻው ሲስተምም በ2025 የወጣው ማክኦኤስ 26 ነው።

አሁን አጥብቄ ወደማስጠነቅቀው ልምጣ፤ እኔም ወድቄበታለሁ፣ ከእኔ በኋላም ብዙ ሰው ሲወድቅበት አይቻለሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ከግለሰብ መግዛት። እኔ የገዛሁት ማክቡክ ንጹሕ ነበር፣ ጭረት የለው፣ ተከፍቶ ዴስክቶፑ ላይ ደርሶ ነው የታየኝ። ብሮውዘር ከፈትኩ፣ ቪዲዮ አየሁ፣ ከፈልኩ። ለወራት ምንም አላለም። ከዚያ አንድ ቀን ሲስተሙን አጥፍቼ እንደ አዲስ ልጭን ብዬ ዋይፋይ ሳገናኘው የማላውቀው ድርጅት ስም መጣ፤ ኮምፒውተሩ የእነሱ መሆኑን ይናገራል፣ የሠራተኛ መግቢያ ስምና ፓስወርድ ይጠይቃል። ደግሜ ሰርዤ ጫንኩት፣ ያው ነው። የሻጩ ስልክ አይሠራም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቶች ለሠራተኛ የሚሰጡትን ኮምፒውተር በሴሪያል ቁጥሩ አፕል ዘንድ ያስመዘግቡታል፤ ዊንዶውስም አውቶፓይለት የሚባል ተመሳሳይ አሠራር አለው። ምዝገባው ኮምፒውተሩ ውስጥ ሳይሆን አፕል ወይም ማይክሮሶፍት ሰርቨር ላይ ስለሆነ ዲስኩን መቶ ጊዜ ብትሰርዙት አይሄድም። ሊያነሣው የሚችለው ድርጅቱ ብቻ ነው። ሻጩ ግን ኢንተርኔት ሳያገናኝ አስነሥቶ ካዘጋጀው፣ የሚያየው ሰው ደህና ይመስለዋል። ገንዘቡ መጥፋቱ አንድ ነገር ነው። የሚከፋው ግን ኮምፒውተሩ የተሰረቀ ሊሆን መቻሉ ነው። ወረቀቱ ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው የተሰረቀ ዕቃ ይዞ ለፖሊስ ማስረዳት ውስጥ መግባት የለበትም። እባካችሁ ይሄን ቀላል አታድርጉት።

ስለዚህ ከግለሰብ ከገዛችሁ ሻጩ ፊታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ሙሉ በሙሉ ይሰርዘው፤ ከዚያ በእናንተ ስልክ ሆትስፖት አገናኙና ከመጀመሪያው የሰላምታ ገጽ እስከ ዴስክቶፑ ራሳችሁ አድርሱት። የቀድሞ ባለቤት አፕል አካውንት ከጠየቀ፣ የድርጅት ስም ካመጣ፣ አትግዙ። ዊንዶውስ ከሆነ ሪስታርት አድርጋችሁ ባዮስ ግቡ፤ ፓስወርድ ከጠየቀ ተዉት። ከታች የተጻፈው ሴሪያል ቁጥርና ሲስተሙ የሚያሳየው አንድ መሆናቸውን እዩ። ማክቡክ ከሆነ የባትሪውን ሳይክል (ሙሉ ቻርጅ ስንት ጊዜ እንደተጠቀመ) ተመልከቱ፤ አብዛኞቹ የተሠሩት ለ1000 ሳይክል ነው። ይሄ ሁሉ ሰዓት ይፈጃል፣ ሻጩም "ቸኩያለሁ" ይላል። ይቸኩል፤ እናንተ አትቸኩሉ። ደግሞ የአገር ልጅ ስለሆነ ብቻ ሳታጣሩ አትክፈሉ። እሱም ተታሎ ገዝቶት ሊሆን ይችላል። ለእኔ የሚሻለው አምራቹ ራሱ ወይም ደረሰኝ የሚሰጥ ሱቅ አድሶ የሚሸጠው ነው፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን የምትመልሱለት ሰው አለ።

በየወሩ ትንሽ ትንሽ እየከፈላችሁ ውሰዱ የሚሏችሁንም ሳትፈርሙ አስሉት። ወርኃዊውን በወራቱ ቁጥር አባዙና ከመደርደሪያው ዋጋ ጋር አስተያዩ። ያለ ወለድ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ላፕቶፑን አንድ ተኩል ጊዜ እየገዛችሁት ሊሆን ይችላል።

መመለስን በተመለከተ አገሩን እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች በኦንላይን የገዛችሁትን ከተረከባችሁ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ መብታችሁ ነው፣ አዲስ ዕቃም ቢያንስ የ2 ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለው። አሜሪካ ግን ከሱቅ የገዛውን ዕቃ ሐሳቡን ቀይሮ ለሚመልስ ሰው ሱቁን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ የሱቁን ደንብ ደረሰኙ ላይ አንብቡ። ቀኑ እስኪያልፍ ካርቶኑን አትጣሉ።

ኪቦርዱንም አትርሱ። ጀርመን ውስጥ ዋይና ዜድ ቦታ ተለዋውጠዋል፣ ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ ኤና ኪው። አማርኛ ለመጻፍ ዊንዶውስ የራሱ ኪቦርድ አለው፤ በፓወር ግእዝ የለመዳችሁ ግን እሱ የዊንዶውስ ፕሮግራም መሆኑን አውቃችሁ ግዙ፣ ማክ ከሆነ ኪማን የሚባለውን ጫኑ። ከአገር ቤት ያመጣችሁት ላፕቶፕ 110 ቮልት ባለበት አገር ይቃጠላል ብላችሁም ትራንስፎርመር አትግዙ። ቻርጀሩ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃችኋል።