ሞዴል አውሮፕላን ከመነሳቷ በፊት ሚዛኗን እንዴት እናስተካክል?

አዲስ ሞዴል አውሮፕላን ገና ከመነሳቷ አፍንጫዋን ሰቅላ ከተፈጠፈጠች ሰው ሁሉ ሞተሩን ይጠረጥራል። ብዙ ጊዜ ግን ጅራቷ ከብዶ ነው። ይህን ቤት ውስጥ፣ በማስመሪያና በሁለት ጣት ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ ልክ ለበረራ እንደምትወጣ አዘጋጇት። ባትሪውም ፕሮፔለሩም ጎማውም ቦታቸው ይግቡ። በነዳጅ የምትሠራ ከሆነች ታንከሯ ባዶ ይሁን። ታንከሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ስለሚቀመጥ ነዳጁ ባለቀ ቁጥር ጅራቷ ይከብዳል።

ከዚያ የስበት ማዕከሏ፣ ማለትም በጣት ስትነሳ ሳታጋድል የምትቆምበት ነጥብ፣ የት መዋል እንዳለበት ፈልጉ። የአምራቹ መመሪያ ካለ እሱን እመኑ። ከሌለና ክንፏ ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ከሆነ፣ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ተነስታችሁ የስፋቱን 25 በመቶ ወደ ኋላ ለኩ። ስፋት ማለት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ ያለው ነው። 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ነጥቡ 5 ላይ ይውላል። እስከ 30 በመቶም ያስኬዳል፤ ለመጀመሪያ በረራ ግን 25ቱ ይሻላል። ክንፏ ወደ ኋላ ያዘነበለ ወይም ጅራት የሌላት ከሆነች ይህ ስሌት አይሠራም።

ነጥቡን በሁለቱም ክንፎች ስር፣ ቦዲዋ አጠገብ በፕላስተር ምልክት አድርጉና በጣቶቻችሁ ጫፍ አንሷት። ክንፏ ከቦዲዋ በታች ከሆነ ገልብጣችሁ አንሷት፤ አለዚያ እየተንከባለለች ታስቸግራለች። አፍንጫዋ ትንሽ ዘቅዘቅ ካለ ግሩም ነው። ጅራቷ ከወረደ እንዳታበሯት።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ክብደት ለመጨመር ይቸኩላል። ቆይ! መጀመሪያ ባትሪውን ወደፊት ግፉት፤ ከዕቃው ሁሉ ከባዱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። አልበቃ ካለ ብቻ አፍንጫዋ ላይ ክብደት ጨምሩ። ስንት? የአውሮፕላኗን ክብደት ማዕከሏ ከምልክቱ ወደ ኋላ በሸሸበት ርቀት አባዙ፤ ከምልክቱ አፍንጫዋ ድረስ ባለው ርቀት አካፍሉ። 800 ግራም ሆና 1 ሴንቲ ሜትር ከሸሸችና አፍንጫዋ 20 ሴንቲ ሜትር ከራቀ፣ 40 ግራም ይበቃል። ክብደቱን ከምልክቱ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ብትለጥፉት ግን 80 ግራም ይፈጃል፤ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ጫፍ ውሰዱት። ጎሚስታ ቤት ጎማ ባላንስ የሚደረግበት ተለጣፊ ክብደት ለዚህ የተሠራ ነው የሚመስለው።

የግራና ቀኙን ሚዛን ለማየት አፍንጫዋንና ጅራቷን ይዛችሁ አንሷት። አንዱ ክንፍ ሁልጊዜ ከወረደ ቀላሉ ክንፍ ጫፍ ላይ ትንሽ ሚስማር ይበቃል።

የመጨረሻው ፈተና አየር ላይ ነው። በደንብ ከፍ አድርጋችሁ ቀጥ ብላ እንድትበር አስተካክሏት። ትንሽ አዘቅዝቋትና መቆጣጠሪያውን ልቀቁት። ቀስ ብላ ቀና ካለች ደህና ናት። በኃይል ሽቅብ ከተመዘዘች አፍንጫዋ ከብዷል። ይበልጥ እየዘቀዘቀች ከሄደች ጅራቷ ከብዷልና ቶሎ አሳርፏት። ባትሪውን በጥቂት ሚሊ ሜትር እያንቀሳቀሳችሁ ድገሙት። ትክክለኛው ቦታ ሲገኝ በማርከር አስምሩበት፤ ሌላ ዓይነት ባትሪ ካስገባችሁ ግን እንደገና መመዘኑ አይቀርም።