ታዳሚው ዝም ሲል ንግግርን እንዴት መምራት ይቻላል?

በስድስት ኪሎ በሚካሄድ ሴሚናርም ሆነ በወመዘክር በሚደረግ የመጽሐፍ ውይይት፣ አቅራቢው ሐሳቡን ጨርሶ «ከቤቱ ጥያቄ ወይም አስተያየት አለ?» ሲል መልስ የሚያጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ብዙ ተናጋሪዎች ይህን ዝምታ እንደ ጥላቻ ወይም እንደ መሰላቸት ቆጥረው ይደናገጣሉ፤ ንግግራቸውን ያጣድፋሉ፣ አለዚያም ታዳሚውን ይወቅሳሉ። እኔ ግን በእኛ ዘንድ ዝምታው በአብዛኛው ከአክብሮትና ከይሉኝታ የሚመጣ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያደግነው ትልቅ ሰው ሲናገር ዝም ብለን እንድናዳምጥ ተነግሮን ነውና። ስለዚህ የተናጋሪው ዋና ሥራ ታዳሚው ሳይሸማቀቅ የሚናገርበትን መንገድ ማመቻቸት ነው።

ሥራው የሚጀምረው መድረክ ላይ ከመውጣት በፊት ነው። ወደ አዳራሹ ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድመው ይድረሱ። የፊት ወንበሮች ለክብር እንግዶች ተብለው ባዶ ሲቀሩ ሰው ከኋላ ተበታትኖ ስለሚቀመጥ፣ አስተናጋጆቹ እንግዶችን ከመሀል ጀምረው እንዲያስቀምጡ ያስተባብሩ። ቀድመው የመጡትን ሰላም ይበሉ፣ የሚያሳስባቸውንም ይጠይቁ። በተለይ ንግግሩ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ከሆነ ኃላፊውን አስቀድመው ያነጋግሩ። አለቃ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሳለ ሠራተኛው አፉን የማይከፍተው ሐሳብ አጥቶ ሳይሆን የተናገረው ነገር በኋላ እንዳይጠቀስበት ሰግቶ ነው፤ አለቃው ቀድሞ ሐሳቡን ከሰጠ ደግሞ ከእርሱ የተለየ ነገር ለመናገር የሚደፍር አይገኝም። ኃላፊው አስተያየታቸውን በመጨረሻ እንዲሰጡ በትሕትና ይጠይቋቸው፤ የሚቻል ከሆነም በመክፈቻው ላይ «ሁላችሁም በነፃነት ተናገሩ» እንዲሉ ያድርጉ። ከሌሎቹ እርምጃዎች ሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው።

ንግግሩ ሲጀመር የዝምታውን ዓይነት ይለዩ። ሰዎች እያዩዎት፣ ማስታወሻም እየያዙ ከሆነ እየተከታተሉዎት ነውና አካሄድዎን አይለውጡ። ስልካቸው ላይ ካቀረቀሩ ግን ምክንያቱን ይፈልጉ። ማይክሮፎኑ ከኋላ ላይሰማ ይችላል፤ ወይም ንግግርዎ በእንግሊዝኛ ቃላት ተጨናንቆ ሊሆን ይችላል። ሰዓቱንም ያስቡ፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ብዙ ምእመናን እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ ሙስሊም ተሳታፊዎች ለጁምዓ ሶላት መውጣት ይኖርባቸዋል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ንግግርን ማሳጠር ይበጃል።

ታዳሚውን ወደ ንግግር ለማምጣት ከቀላሉ ይነሡ። በመጀመሪያ እጅ በማውጣት ብቻ የሚመለስ ጥያቄ ይጠይቁ። ቀጥሎ እያንዳንዱ ሰው ከጎኑ ካለው ጋር ለ2 ደቂቃ እንዲወያይ ያድርጉ፤ ከዚያ በኋላ የሚናገር ሰው የሁለት ሰው ሐሳብ ስለሚያቀርብ ፍርሃቱ ይቀልለታል። «አንተ ከኋላ ያለኸው» እያሉ በጣት መጠቆም ግን ሰውን ያሳፍራል፤ ሊናገር አስቦ የነበረውንም ያስቀራል።

ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ ይታገሡ። አሜሪካዊቷ የትምህርት ተመራማሪ ሜሪ በድ ሮው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት 1 ሰከንድ ያህል ብቻ እንደ ነበረና ይህን ወደ 3 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲያራዝሙ የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም፣ በፈቃደኝነት የሚመልሱትም እንደሚበዙ አሳይታለች። ጥናቱ የተደረገው በመማሪያ ክፍል ቢሆንም ለአዳራሽም ይጠቅማል። መድረክ ላይ ለቆመ ሰው 3 ሰከንድ በጣም ረጅም መስሎ ስለሚታየው፣ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ።

አሁንም የሚናገር ካልተገኘ ጥያቄዎች በወረቀት ተጽፈው እንዲመጡ ያድርጉ፤ ስም መጻፍ እንደማያስፈልግም ይናገሩ። የመጀመሪያውን ተናጋሪ ከልብ ያመስግኑ፣ ሐሳቡ ባይስማማዎትም ወዲያው አያርሙት፤ ሌሎቹ ለመናገር የሚወስኑት እርሱን እንዴት እንዳስተናገዱት አይተው ነው። ሁሉም ሳይሳካ ቢቀር ንግግርዎን በሰዓቱ ይጨርሱና በሻይ እረፍት ከሰዎቹ መሀል ይገኙ። በአዳራሹ ያልተነሣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ እዚያ ይነሣል፤ ጠያቂውን አስፈቅደው በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ለሁሉም ሊያነሡት ይችላሉ።