የማኅበረሰብ ሥራችሁን ወደ ጆርናል ጽሑፍ እንዴት ትቀይራላችሁ? ለጣና ዳር ተመራማሪዎች

ባሕር ዳርና አካባቢዋ ላይ ዩኒቨርሲቲና ማኅበረሰብ አብረው የሚሠሩት ሥራ ብዙ ነው። መምህራንና ተማሪዎች ከገበሬው ጋር የሐይቁን አረም፣ እምቦጭን፣ ይነቅላሉ። ፎገራ ላይ የሩዝ ዝርያ ይሞከራል። አቅም ለሌላቸው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከዚህ ሁሉ ግን አብዛኛው በሪፖርት መልክ ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሦስት ሥራ አለባቸው፦ መማር ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት። ሦስተኛው በደንብ ተጽፎ ቢወጣ ሌላ ሐይቅ ዳር ያለ ሰው ይማርበታል። እንዴት እንደሚጻፍና እንደሚላክ ከዚህ በታች አለ።

አንደኛ፦ ፈቃዱን አስቀድሙ

የሥነ ምግባር ፈቃድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት ነው የሚወሰደው። ጥሩ ጆርናል ፈቃዱን የሰጠውን ኮሚቴና የደብዳቤውን ቁጥር ይጠይቃል፤ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚሰጥ ፈቃድ አይቀበልም። «እኛ አገልግሎት እንጂ ምርምር አልሠራንም» ብላችሁ ጀምራችሁ ከሆነ ኮሚቴያችሁን አማክሩ። ምናልባት ቃለ ጉባኤና የሥራ ሪፖርት ብቻ ተጠቅማችሁ መጻፍ ይቻል ይሆናል። የሰው ፎቶ ካለ ለፎቶው ለብቻው ፈቃድ ጠይቁ። የቀበሌ ሊቀ መንበር መፍቀዱ የእያንዳንዱን ሰው ፈቃድ አይተካም።

ሁለተኛ፦ ግንኙነቱን ጻፉ

ብዙው ጽሑፍ የሚወድቀው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

ደምቢያ ላይ ከገበሬዎችና ከዓሣ አጥማጆች ጋር እምቦጭ ስታጸዱ ቆይታችኋል እንበል። ሪፖርቱ ይህን ያህል ሄክታር ጸዳ ይላል። የማኅበረሰብ ተሳትፎ ጆርናል የሚፈልገው ግን ሌላ ነው። የትኛው ዳርቻ ቀድሞ እንዲጸዳ የወሰነው ማን ነው? መጀመሪያ ላይ ሆ ብሎ የወጣው ሰው አጨዳ ሲደርስ ለምን ቀረ? አጥማጆቹ ስለ ነፋሱና ስለ ውኃው የሚያውቁት ነገር ዕቅዳችሁን ቀየረው? በዩኒቨርሲቲውስ ምን ተለወጠ፣ ኮርስ ወይስ የበጀት አያያዝ? በገጠር ብቻ የተለወጠውን የሚተርክ፣ ዩኒቨርሲቲው ግን እንዳለ የቆመበት ጽሑፍ ግማሽ ጽሑፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

አለመግባባት ከነበረ አትደብቁት። አጥማጁ የጀልባ መውጫ ይከፈትልኝ ይላል፤ ተመራማሪው ደግሞ ለናሙና የከለለው ቦታ እንዳይነካ ይፈልጋል። እንዴት ተስማማችሁ? ጽሑፋችሁን ለጆርናሉ አንብቦ የሚመዝነው ባለሙያ፣ ገምጋሚው፣ በጉጉት የሚያነበው እሱን ነው።

ከዚያ ጣናን አይቶ የማያውቀውን አንባቢ አስቡት። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ የዓባይ መነሻ መሆኑንና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ ባዮስፌር መዝገብ ላይ መስፈሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሩት። እድርን፣ ቀበሌን፣ ታንኳን በአንድ በአንድ ሐረግ አስረዱ። ጥማድን ወደ ሄክታር፣ ኩንታልን ወደ ኪሎ ለውጡ። የዘመን አቆጣጠሩ ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። እምቦጭ ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ለውጭ አንባቢ 2011 ነው። ሳይለወጥ ከሄደ ታሪኩ በሰባት ዓመት ይሳሳታል። «ክረምት» ስትሉም ወራቱን ጥቀሱ፤ በእንግሊዝኛ «ሰመር» ወይም «ዊንተር» ብሎ ማለፍ ያደናግራል።

ሦስተኛ፦ ጆርናሉን ምረጡ

ይህን ጽፋችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት አድርጉት። የጽሑፉ ርዝመትም ቅርጽም በጆርናሉ ይወሰናልና።

በዚህ ዘርፍ ከሚታወቁት አንዱ በአሜሪካ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ የሚያወጣው «ጆርናል ኦፍ ሃየር ኤዱኬሽን አውትሪች ኤንድ ኢንጌጅመንት» ነው። ከምርምር ጽሑፍ ሌላ ገና በጅምር ላይ ላሉ ተስፋ ሰጪ ፕሮጀክቶችም ቦታ አለው። ይህ ለጀማሪ ጸሐፊ ትልቅ በር ነው። ከሲድኒ የሚወጣው «ጌትዌይስ» ደግሞ ከማኅበረሰብ አጋሮች ጋር ለሚሠራ ምርምር የቆመ ነው። ሁለቱም ከጸሐፊ ክፍያ አይጠይቁም። ሥራችሁ ከትምህርት ቤቶች ጋር ከሆነ እዚሁ «ባሕር ዳር ጆርናል ኦፍ ኤዱኬሽን» አለ። ለደረጃ ዕድገት የምትፈልጉት ከሆነ ጆርናሉ ተቀባይነት እንዳለው ከትምህርት ክፍላችሁ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

«የተከበሩ ፕሮፌሰር» ብሎ ጀምሮ በሳምንት እናትምልዎታለን፣ ክፍያው ይህን ያህል ነው የሚል ኢሜይል ሲመጣ አትመልሱ። እውነተኛ ግምገማ በሳምንት አያልቅም። ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን የገበሬዎቹም ድካም አብሮ ይባክናል። ጆርናሉ «ዶአጅ» በሚባለው የክፍት ጆርናሎች ማውጫ ውስጥ መኖሩን እዩ፤ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያም ጠይቁ። ክፍያ ያለው ደህና ጆርናል ከሆነ ደግሞ ኢትዮጵያ ብዙ አሳታሚዎች ክፍያ ከሚተውላቸው አገሮች አንዷ ናት። ግን ጥያቄው ስትልኩ ነው የሚቀርበው፤ ከተቀበሏችሁ በኋላ ብዙ ጊዜ አይሠራም።

አራተኛ፦ የማን ስም ይግባ?

የአጥማጆች ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጥያቄዎቹን አብሯችሁ ቀርጾ፣ ውጤቱን አብሯችሁ ተርጉሞ፣ ረቂቁን ሰምቶ ካጸደቀና ለጽሑፉ ኃላፊነት ከወሰደ ጸሐፊ ነው። እንግሊዝኛ አለመጻፉ አያስቀረውም። ረቂቁን በአማርኛ አንብቡለት፣ የሚለውን ጻፉ፣ አስተካክሉ። ቃለ መጠይቅ ብቻ የሰጠ ሰው፣ ስሙ እንዲወጣ ከፈቀደ፣ ምስጋናው ውስጥ ይገባል። በሌላ በኩል ሥራውን ያላየ ኃላፊ በይሉኝታ ስሙ አይግባ። ይህን ለመናገር የሚከብድበት ቢሮ አለ፤ ስለዚህ ሥራው ሲጀመር ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙት።

ስማችሁን በእንግሊዝኛ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፊደል ጻፉ። «ኦርኪድ» የሚባለውን ባለ 16 አሃዝ የተመራማሪ መለያም አውጡ፤ ነፃ ነው። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚወሰድ የእኛ ሰው ሥራ ቶሎ ይደባለቃል።

አምስተኛ፦ መላክ

ይህ ቀላሉ ክፍል ነው። ገምጋሚው የጻፈውን ሰው እንዳያውቅ የስም ገጹን ለብቻ፣ ጽሑፉን ያለ ስም አዘጋጁ። በወርድ ፋይሉ መረጃ ውስጥ ያለውን ስማችሁንም አጥፉ። «በእኛ ዩኒቨርሲቲ» የሚለውን «በአንድ ዩኒቨርሲቲ» አድርጉት። ለኤዲተሩ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ፦ ምን አገኛችሁ፣ ለምን ለዚህ ጆርናል። በአንድ ጊዜ ለአንድ ጆርናል ብቻ ነው የሚላከው። ለሁለት መላክ ከባድ ጥፋት ነው።

ስድስተኛ፦ መልሱ ሲመጣ

ለግምገማ ሳይላክ ቢመለስ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከጆርናሉ ዓላማ ጋር አለመግጠሙ ነው። አስተካክሉና ለሌላ ላኩ። «በሰፊው አሻሽሉ» ከተባላችሁ ደስ ይበላችሁ፤ በሩ አልተዘጋም። እያንዳንዱን አስተያየት በሠንጠረዥ አስፍሩና ከጎኑ ምን እንዳደረጋችሁና የት ገጽ ላይ እንዳለ ጻፉ። «ናሙናው ትንሽ ነው» ከተባለ አትደንግጡ። ጥናቱ ስለ አንድ ቀበሌ ጠለቅ ያለ ግንኙነት እንጂ ስለ ሐይቁ ዳርቻ ሁሉ እንዳልሆነ አስረዱ፤ ከዚያ በላይ የሚል ዓረፍተ ነገር ካለም አውጡት።

ሰባተኛ፦ ወደ ቀበሌው መልሱት

ሲታተም ሁለት ገጽ የአማርኛ ማጠቃለያ አዘጋጁ። በቀበሌ ስብሰባ ወይም በእድሩ ቀን ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡትና ጥያቄ ተቀበሉ። አንድ ቅጂ ለማኅበሩ፣ አንድ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ስጡ። ማጠቃለያው የወረዳው ዓመታዊ ዕቅድ ሳይጸድቅ ቢደርስ ይሻላል፤ ከጸደቀ በኋላ በጀት ማስገባት አስቸጋሪ ነው።