የንስሐ አባትን ስለ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች እንዴት ማነጋገር ይቻላል?

ጎንደር ውስጥ አንድ ልጅ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ መሆኑ ቤተሰቡ ጆሮ ሲደርስ፣ ወላጆች ብዙ ጊዜ ቀድመው የሚያማክሩት የንስሐ አባታቸውን ነው። እኚያ አባት «ልጃችሁ ነው፣ አትጣሉት» ካሉ ልጁ ቤቱ ያድራል። «ይውጣ» ካሉ በዚያው ሌሊት መድረሻ ያጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ልጅ መርዳት ለምትፈልጉ፣ ጉባኤ ዘርግቶ ከማስተማር በፊት አንድ የሚያዳምጡ አባትን ማነጋገር ይቀድማል።

መጀመሪያ፦ ማንንም አታጋልጡ

ስም አለመጥራት ብቻውን አይበቃም። «የአዘዞ ልጅ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚማር፣ አባቱ ነጋዴ» ካላችሁ ሰሚው ማን እንደሆነ ያውቃል። ሰፈሩን፣ ዕድሜውንና የቤተሰቡን ሥራ ተዉ። ጉዳዩን በቴሌግራም አትጻፉ፣ ድምፅም አትቅረጹ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በእስራት ያስቀጣል፤ የሚቀጣው ግን ድርጊትን እንጂ የሰውን ስሜት አይደለም። ልጁ ሳይፈቅድ ስለ እሱ መናገር፣ በቅን ልብም ቢሆን፣ ለድብደባ አሳልፎ መስጠት ሊሆን ይችላል።

ከንግግሩ በፊት ልጁ የሚያድርበት ቤት ይኑረው። መታወቂያው፣ የትምህርት ማስረጃውና የመጓጓዣ ገንዘቡ ከወላጆቹ ቤት ውጭ ይቀመጥ። ነገሩ ከተበላሸ በኋላ እነዚህን ማውጣት አስቸጋሪ ነው።

ሰውና ጊዜ መምረጥ

በዐውደ ምሕረት የሚያስጨበጭበውን ሰባኪ አትምረጡ። ብዙ ኑዛዜ የሰሙ፣ በባልና ሚስት ጠብ ገብተው ያስታረቁ ሽማግሌ ካህን ይሻላሉ፤ የሰው ገመና ያውቃሉ፣ ምስጢርም ይጠብቃሉ። የመጻሕፍት የኔታ ካገኛችሁ ደግሞ መልካም ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባለው የመጻሕፍት ትርጓሜ በጎንደር የጸና ትምህርት ስለሆነ፣ አንድን ጥቅስ «አንድም፣ አንድም» እያሉ ማየት ለእሳቸው እንግዳ አይደለም። የጽዋ ማኅበሩን ሙሴ፣ ማለትም መሪውን፣ የምታነጋግሩት ከካህኑ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከሰማ ወሬው በማግስቱ በማኅበሩ ሁሉ ይዞራል።

ከጥር 10 እስከ 12፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱና ሲመለሱ፣ ካህን አይገኝም። በሰሙነ ሕማማትም እንዲሁ። ጾም በሌለበት ተራ ቀን ከሰዓት በኋላ ሂዱ፤ የራበውና የደከመው ሰው አጭር መልስ ይሰጣል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት በላይ አትቆዩ።

ምን ይባላል?

በክርክር አትጀምሩ፤ ጠይቁ። «አባ፣ አንድ ልጅ ወደ ወንድ እንደሚሳብ ቢነግርዎት፣ ወላጆቹስ ምን እናድርግ ቢሉዎት ምን ይመልሳሉ?» ብላችሁ ዝም በሉ። የመጀመሪያው መልስ ቁጣ ሊሆን ይችላል። አታቋርጧቸው።

የሰዶም ታሪክ መነሳቱ አይቀርም። ሕዝቅኤል 16፥49 የሰዶምን ኃጢአት ሲዘረዝር ትዕቢትንና ጠግቦ ድሀን አለመርዳትን ያስቀድማል። ካህኑ ወዲያው ቁጥር 50ን ያነሱባችኋል፤ «ርኩስ ነገር አደረጉ» ይላልና። አትካዱ። ድሀን መግፋት በዚያው ዝርዝር ውስጥ እንዳለና ከቤት የተባረረ ልጅም ድሀ እንደሆነ ብቻ ተናገሩ።

የበለጠ የሚያራምደው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ነው። ዘዳግም 23፥1 እንዲህ ያለውን፣ ማለትም የተሰለበውን፣ ሰው ከጉባኤ ያወጣል፤ ኢሳይያስ 56፥3-5 በእግዚአብሔር ቤት ስፍራ ይሰጠዋል፤ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ደግሞ ፊልጶስ ያጠምቀዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ «ጃንደረባው የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር» ይላል። መጽሐፉ እንዲህ አይልም፤ ካላችሁ ካህኑ ከዚያ በኋላ አያምኗችሁም። ነጥቡ ከጉባኤ ውጭ የነበረ ሰው መግባቱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሚመጡ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ከባዶቹም እነሱ ናቸው።

«ሕፃናትን ይደፍራሉ» ሲባል፣ ሕፃን የደፈረ ሁሉ መቀጣት አለበት ብላችሁ በሙሉ ልብ ተስማሙ። ሕጉ ራሱ በአካለ መጠን ያልደረሱትን የሚመለከተውን ወንጀል ለብቻው በአንቀጽ 631 እንደሚይዝ፣ አንድ ልጅ ወደ ማን እንደሚሳብ መናገሩም ሕፃን ነካ ማለት እንዳልሆነ አስረዱ።

«ጠበል ይግባ» ሲባል፣ ልጁ ወድዶ ከሄደ ጸሎት ነው። ታስሮ ወይም ተደብድቦ ከተወሰደ ግን ጉዳት ነው፤ የሚወስደው መድኃኒት ካለ እንዳይቋረጥ አስጠንቅቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1982 ዓ.ም. ተመሳሳይ ፆታን ማፍቀር ከበሽታዎች ዝርዝር ስላወጣው የሚፈወስ ሕመም እንዳልሆነ በእርጋታ ንገሩ።

«እንዳረው፣ ይተወዋል» የሚለው ከሁሉ ይከፋል። ስሜቱ አይለወጥም፤ ምንም የማታውቅ የሰው ልጅ ግን በማትፈለግበት ትዳር ትታሰራለች። ሴትን የምታፈቅር ልጅ ያለ ፈቃዷ ስትዳር ደግሞ በደሉ በራሷ ገላ ላይ ነው። ካህኑ ተክሊል የሚፈጽሙት በሁለቱ ፈቃድ መሆኑን አስታውሷቸው፤ ይህን ሲሰሙ ብዙዎቹ ይለዝባሉ።

ሙስሊም ቤተሰብ ከሆነ ወደ ሼኹ ስትሄዱ ሱረቱል ሑጁራት 11 እና 12ን ያዙ፤ መሳለቅን፣ የሰው ነውር መሰለልንና ሐሜትን ይከለክላሉ።

በመጀመሪያው ቀን የምትለምኑት ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ አይደብደብ፣ አይባረር፣ ስሙ በጉባኤ አይነሣ። ትምህርተ ሃይማኖቱን እንዲቀይሩ ከጠየቃችሁ እነዚህንም ታጣላችሁ። ሙሉ ተቀባይነት ለልጁ የሚገባው ነው፤ ካህኑ ወደዚያ የሚደርሱት ግን ልጁ ቤቱ እያደረ፣ እሳቸውም ደጋግመው እያሰቡበት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። «ያ ልጅ እንዴት ሆነ?» ብለው ከጠየቁ ደኅንነቱን እንጂ ማንነቱን አትንገሩ። «ላግኘው» ካሉ ለልጁ አድርሱለት፤ ይሂድ አይሂድ፣ የትና ከማን ጋር እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነው።